ከሢሶ በታች

የመጨረሻው ጋሪ በሩን ሲወጣ ባለምድጃው ከኋላው ይከተል ነበር። አንድ እጁን ከጋሪው ጫፍ ብቅ ባለ ፍልጥ ላይ አሳርፎ፣ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው፣ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄደ። በቅሎዎቹ ዳገቱን ሲይዙ ጋሪው ተንገጫገጨና ፍልጡ ከእጁ ሥር ሾልኮ ሄደ። እሱ ግን እጁን ወዲያው አላወረደም፤ ባዶ አየር ላይ እንደዘረጋው ጥቂት ቆመ።

እኅቱ ከበሩ ሆና ታየዋለች። ሰፈርተኛው ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ «እታባ» ነው የሚላት። ወንድሟም በሁለት ዓመት ስለምትበልጠው ከዚህ ሌላ ስም ጠርቷት አያውቅም። አርባ ዓመት በዚህ ግቢ ተቀምጣ ስባሪ ብርጭቆ በቀለም በቀለሙ ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ጣቶቿ ተቆራርጠው ተቆራርጠው፣ መጨረሻ ላይ ስለቱ ራሱ የሰለቻቸው ይመስላሉ። «የእታባን እጅ የሚቆርጥ ብርጭቆ ገና አልተሠራም» ይላሉ ሲቀልዱባት፤ እሷም «ቢሠራም የሚሠራው እዚሁ ቤት ነው» ትላቸዋለች።

ዛሬ ግን የሚቀልድ አልነበረም። ለሁለት ወር ይበቃል ተብሎ የተከመረው ማገዶ በአንድ ጠዋት በጦሩ ጋሪ ተጭኖ አልቆ፣ የነበረበት ቦታ ላይ ቅርፊትና ጉንዳን ብቻ ቀርቷል።

ሻምበሉ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ወረቀት ይፈርማል። ወጣት ነው፤ ጢሙ በወጉ አልሞላም፤ ቦት ጫማው ግን ከእሱ በፊት ሌላ ሰው እንደረገጠበት ያስታውቃል። አጠገቡ ያለው አስር አለቃ ማኅተሙን በትንፋሹ ሃ! ሃ! እያለ አርጥቦ አቀበለው።

«አባቴ፣» አለ ሻምበሉ ባለምድጃው ሲመለስ፣ «ደስ ብሎኝ የማደርገው እንዳይመስልዎ። ሆስፒታሉ ውስጥ ሦስት መቶ ቁስለኛ በብርድ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ትእዛዙ የሻለቃው ነው።»

«ለቁስለኛ ከሆነ ምን አፍ አለኝ፣ ጌታዬ። ግን ይኼ እሳት…»

«ነግረውኛል።»

«ሰማንያ አንድ ዓመት ነው። ጠፍቶ አያውቅም።»

ሻምበሉ የኪስ ሰዓቱን አውጥቶ አየ፤ ያየውን ያልወደደ ሰው መሰለ። «ከባቡር ጣቢያው ሁለት ጋሪ የድንጋይ ከሰል አስጭኜ ፀሐይ ሳትጠልቅ እልክልዎታለሁ። ወረቀቱም ላይ አስፍሬዋለሁ። ቃሌ ነው።»

ባለምድጃው ማንበብ አይችልም። ወረቀቱን በሁለት እጁ ተቀበለ፤ ማኅተሙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው፤ አራት ቦታ አጥፎም ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣» አለ ከኋላ ልጁ፣ ለራሱ ያህል።

ልጁ ነፊው ነው። የጋለውን ብርጭቆ በረጅም የብረት ቧንቧ እየነፋ ጠርሙስ የሚያደርገው እሱ ሲሆን፣ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው ጉንጮቹ እንደ ወናፍ ስለተነፉ «ጉንጬ» ብለው ሰይመውታል። ጦሩም ሊወስደው መጥቶ ነበር፤ ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ «ይኼ ሰው ትንፋሹን ጨርሶታል» ብሎ መለሰው።

እታባ ሻምበሉ ከዓይኗ እስኪሰወር ተከተለችው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ምንኛ በቀለለ ነበር፤ ትረግመው ነበር። ለሚንቀጠቀጥ ቁስለኛ ማገዶ የወሰደን ሰው ግን በምን አፏ ትርገመው? «አምላኬ፣ ቃሉን አስጠብቀው» ብላ ብቻ ወደ ውስጥ ገባች።

የዚህ ቤት ሥራ እንዲህ ነው። ሰው ቤት የተሰነጠቀ ብርጭቆ፣ መጠጥ ቤት የወደቀ ጠርሙስ፣ ድንጋይ ያገኘው የመስኮት መስታወት፣ ሁሉም በለቃሚዎች ጆንያ ተጭኖ በዚያ በር ይገባል። እታባ ትለየዋለች። አረንጓዴውና ቡናማው ከወንዙ ማዶ ላሉ ጠርሙስ ሠሪዎች ይላካል፤ ነጩ እዚሁ ይታጠብና በትልቅ የሸክላ ጋን ቀልጦ፣ በጉንጬ ትንፋሽ ተነፍቶ፣ አዲስ ሆኖ በገባበት በር ይወጣል። አንዲት የጥፍር ታህል ቡናማ ስባሪ ሳትታይ ካለፈች የጋን ሙሉ ሥራ ታበላሻለች። ስለዚህ የቤቱ እሳት በባለምድጃው እጅ፣ የቤቱ ትንፋሽ በጉንጬ ደረት፣ የቤቱ ዓይን ግን በእታባ ግንባር ላይ ነበር።

የቤቱ መሥራች ቅድመ አያታቸው አንድ ጆንያና አንድ ድምፅ ብቻ ነበረው ይባላል። በየደጁ እየዞረ «የሰበረ አይዘን!» እያለ ይጮኻል፤ የሰበረችውም ሴት አፍራ የደበቀችውን ስባሪ ይዛ ትወጣለች። እስከ ዛሬ ድረስ ለቃሚ በዚህ በር ሲመጣ «የሰበረ አይዘን!» ይላል፤ ከቤቱ ያለ ሰው ደግሞ «የለቀመ አይፈር!» ብሎ ይመልስለታል። ይህ ሳይባባሉ ጆንያ አይወርድም።

ቅድመ አያታቸው አንድ ሕግም ትቶላቸው ነበር። ጋኑ ከሢሶ በታች አይወርድም። ሁለቱን እጅ ቀድተው ይሠሩበታል፤ ሢሶው ግን ለሚመጣው ስባሪ እርሾ ሆኖ ይቀራል። ጋን በሁለት ዓመት ያረጃል። ሲያረጅ አዲሱ ጋን ጎኑ ተቀምጦ ይሞቅና፣ እርሾው እንደጋለ በጭልፋ ይዛወርለታል። ጋን ያልፋል፣ እርሾው አያልፍም። ቅድመ አያታቸው በመጀመሪያው ቀን ካቀለጠው ስንት ጠብታ እንደቀረ እግዜር ይወቀው፤ እንዳለ ግን አንዳቸውም ተጠራጥረው አያውቁም።

በዚያ ላይ ሌላ ነገር አለ። ከቤቱ ሰው ሲሞት የመጨረሻ ውሃውን የጠጣበት ብርጭቆ ይሰበርና እርሾው ውስጥ ይገባል። የአያታቸው አለ። የእናታቸው አለ። ባለፈው ክረምት ደግሞ የባለምድጃው ሚስት፣ የጉንጬ እናት፣ ሦስት ወር ተኝታ ልትሞት ስትል፣ እታባ ውሃ ይዛላት ስትገባ፣ ያቺ ሴት በዚያ ድካሟ ቀና ብላ ብርጭቆውን አይታ «በቡናማው እንዳታጠጪኝ አደራ፤ ኋላ ከወንዙ ማዶ ትልኪኛለሽ» አለቻት። ሁለቱም ሳቁ። ሁለት ጊዜ ጎንጨት አድርጋ መለሰችው። ብርጭቆው ነጭ ነበር።

አሁን ወንዙ ማዶ ጠላት ነው ያለው። የጋን አፈር የሚመጣውም ከዚያው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ በምድጃው ሥር የነበረው ማገዶ ወደ ፍም ወረደ። ጉንጬ ሸሚዙን አውልቆ፣ ረጅሙን የብረት ጭልፋ ከግድግዳው አንሥቶ መጣ።

«አባባ፣ ጋኑን እንቅዳው።»

«አስቀምጠው።»

«ይስሙኝ እንጂ። እየቀዳን ገንዳው ውሃ ውስጥ እናፍስሰው፤ እንደ ስኳር ደቅቆ ይቀራል። በጆንያ እናኑረው። ምድጃውን በጭቃ እንምረገው። ባዶ ጋን ቀስ ብሎ ከበረደ አይሰነጠቅም። ማገዶ ስናገኝ ያንኑ መልሰን እናቀልጠዋለን።»

«እርሾ በጆንያ?»

«ብርጭቆ ነው፣ አባባ።»

«ለአንተ ብርጭቆ ነው።»

«ለሸክላውም ብርጭቆ ነው! እውስጡ ከረጋ እየበረደ ሲኮማተር ጋኑን ይዞት ይሰነጠቃል። ይኼን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ሌላ ጋን የለንም። ብንሠራ እንኳ ለመድረቅ ዓመት ይፈልጋል። አፈሩን ማን ሄዶ ያምጣልን፣ ጠላትን እናስቸግረው?»

ባለምድጃው ደረት ኪሱን መታ መታ አደረገ። «ሰውየው ቃል ሰጥቶኛል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ብሏል። ፀሐይዋን ያያት የለም? ያቻት።»

«ካልመጣስ?»

«ከመጣስ? ሰማንያ አንድ ዓመት ያልጠፋን እሳት፣ ከሰሉ በር ላይ ሲደርስ፣ ‹ይቅርታ፣ ፈርተን አጠፋነው› ልበለው?»

ጉንጬ ወደ አክስቱ ዞረ። «እታባ፣ አንቺ አንድ ነገር በዪ።»

«እሳቱን እናቆየው፤ ነገሩ ለሁለታችሁም ይደርሳል፣» አለች እታባ።

እሳቱን ማቆየት ጀመሩ። መጀመሪያ የአጥሩ እንጨት ገባ። ከዚያ የዕቃ ቤቱ በር። ከዚያ የጉንጬ አልጋ፤ «ድሮም ጩኸቱ ይሰቀጥጠኝ ነበር» አለ ሲሰብረው። እታባ ማንም ሳይጠይቃት የመለያ ገበታዋን ጎትታ አመጣች። አርባ ዓመት ያጎነበሰችበት፣ ክርኗ ያረፈበት ቦታ የጎደጎደ፣ ወፍራም ጣውላ ነው። ወንድሟ መጥረቢያውን አንሥቶ ገበታውን አየና መልሶ አወረደው።

«እታባ…»

«ቁረጥ፣ ቁረጥ። መሬትም ላይ ይለያል።»

በእያንዳንዱ እንጨት እሳቱ ጥቂት ይስቅና ያኮርፋል። የአጥር እንጨት ቀጭን ነው፤ እንደ ወሬ ነበልባሉ ብቻ ነው የሚበዛ። ጋን የሚፈልገው ግንድ ነው።

ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ አለፈ። ወደ መንገዱ የሚሄድ፣ የሚያዳምጥ፣ የሚመለስ ባለምድጃው ነበር። ስምንት ጊዜ ወጣ። ስምንቱንም ጊዜ ሲመለስ ማንም አልጠየቀውም።

ቀጥሎ ጉንጬ ቅርጾቹን ይዞ መጣ። ጠርሙስ ሲነፋ ቅርጹን የሚይዝለት፣ በሁለት የሚከፈት፣ ከጠንካራ እንጨት የተፈለፈለ ዕቃ ነው። አያቱ የፈለፈሉት አለ፤ አባቱ የፈለፈለው አለ፤ እሱ ራሱ ሁለት ዓመት የለፋበት፣ አንገቱ ላይ የተጠማዘዘ ሐረግ ያለው አለ። አሥራ አንዱንም በአንድ ቅርጫት አምጥቶ አባቱ እግር ሥር አስቀመጠው።

«እነዚህ ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፣» አለ። «አንድ ሰዓት ይሰጡናል። አንዲት ሰዓት። እሷን ለመቅዳት እንድትሰጡኝ ነው የማቃጥላቸው። ለመጠበቅ አይደለም። ተግባባን፣ አባባ?»

ባለምድጃው አልመለሰም። ጉንጬ ዝምታውን እሺ ብሎ ቆጠረው። የሐረጉን ቅርጽ መጀመሪያ ወረወረ፣ እጁ እንዳያመነታ። እሳቱ ያዘው። ቅርጾቹ በእውነትም ጥሩ ማገዶ ነበሩ፤ ግቢው ሁሉ የቆየ እንጨትና የሰም ሽታ ሸተተ። የጋኑ ሆድ እንደገና ደማቅ ሆነ። ሦስቱም አዩት። ያምር ነበር።

ከዚያ ጉንጬ ገንዳውን በውሃ ሞላ፤ ጭልፋውንም አሞቀ።

ባለምድጃው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሞ ነበር። ድምፁ ሲወጣ የሌላ ሰው ይመስላል። «እታባ። አንቺ እዪው። ቀለሙን እዪልኝ። አሁኑኑ መቀዳት አለበት ካልሽ ይቀዳ። እስከ ጀንበር ግባት የሚቆይ ከሆነ ግን እንጠብቅ። አንቺ ያልሽው ይሁን።»

በዚህ ቤት ይህ የመጨረሻ ፍርድ ነው። ከእታባ ዓይን ወደ ማን ይግባኝ ይባላል?

ወደ መመልከቻው ቀዳዳ ሄደች። ግንባሯን በክንዷ ጋርዳ ወደ ውስጥ አየች። ብርጭቆ ሲግል የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል፤ ያን ጊዜ እንደ ውሃ ይቀዳል። ሲበርድ የሮማን ፍሬ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ጭልፋ ቢገባ አይወጣም። በሁለቱ መካከል ጥቂት ጊዜ አለ፤ እሱን የሚያውቅ ዓይን ጥቂት ነው።

እርሾው መሐሉ ላይ ገና ብርቱካን ነበር። ዳር ዳሩን ግን፣ ሸክላውን በሚነካበት፣ ሮማኑ ጀምሯል። ቀጭን ነው፤ እንደ ቀለበት። የቅርጾቹ እሳት ደመቅ ያደረገው ላዩን ብቻ ነው። ቀለበቱን አየችው። አልተሳሳተችም፤ ዓይኗም አልደከመም። አሁን ካልተቀዳ መቼም እንደማይቀዳ፣ ስሟን እንደምታውቅ አወቀችው።

አፏን ልትከፍት ስትል የወንድሟ ሚስት ከአልጋዋ ቀና ስትል ታየቻት። ከወንዙ ማዶ እንዳትልኪኝ። ጉንጬ ጭልፋውን ይዞ ቆሟል፤ ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ዝም ብሏል። ያ ሁሉ እዚያ ውስጥ ገብቶ ጭስስ ብሎ፣ ደቅቆ፣ ጆንያ ውስጥ ሊገባ ነው። «አምላኬ፣ አንዲት ሰዓት ብቻ» አለች በልቧ። «አንዲት ሰዓት ስጠኝና ጋሪው ይድረስ።» ይህን እንዳለችም፣ ከዳገቱ ሥር የጋሪ መንኰራኵር ድምፅ ሰማች። በእርግጥ ሰማች። ዕድሜዋን ሙሉ የጸሎት መልስ ስትጠብቅ የኖረች ሴት፣ መልሱ እንዲህ በጆሮዋ ሲመጣ እንዴት አድርጋ ትጠራጠር?

ቀና አለች። «ገና ብርቱካን ነው፣» አለች። «እስከ ጀንበር ግባት ይቆያል።»

ጉንጬ አያት። «እርግጠኛ ነሽ?»

«መቼ ተሳስቼ አውቃለሁ?»

«ተሳስተሽ አታውቂም፣» አለ። ጭልፋውን ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለው። «እታባ ካለች፣ አለች።»

ጋሪው በበሩ አልፎ ሄደ። የውሃ ጋሪ ነበር። በርሜሎቹ ባዶ ስለነበሩ ነው እንዲያ የጮኸው።

ፀሐይዋ ጣሪያው ጫፍ ላይ ስትደርስ ጉንጬ ቀጭን የብረት ዘንግ ጋኑ ውስጥ ነክሮ ሳበ። የጋለ ብርጭቆ ከዘንግ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይሳባል፤ ይህ እንደ ሰም ተጎተተና ቆመ። ጭልፋውን ነጥቆ ሮጠ። ጫፉ ገባ፤ ግማሽ ድረስ ሰመጠ፤ ከዚያ ወደየትም አልሄደም። ጎተተ። እግሩን ምድጃው ላይ ተክሎ ጎተተ። ደም ሥሮቹ በአንገቱ ላይ ተገተሩ።

«ተወው፣ ልጄ፣» አለ አባቱ።

«ይወጣል!»

«ጋኑን ትሰብረዋለህ። ተወው።»

ጉንጬ ለቀቀው። ጭልፋው እርሾው ውስጥ እንደተሰካ፣ እጀታው ወደ ላይ ቆሞ ቀረ። እታባን አላያትም። ዓይኑን ቢያነሣ ኖሮ ይቀልላት ነበር። እሱ ግን ባዶውን ቅርጫት አንሥቶ፣ ገልብጦ፣ በላዩ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ቀዳዳዎቹን በጭቃ መረጉ፤ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይውጣ ብለው እንጂ እንደማይጠቅም ሦስቱም ያውቃሉ። የሚሞት ሰው ላይ ብርድ ልብስ እንደሚደርቡት ማለት ነው። እታባ ጭቃውን በእጇ ስታለሰልስ የምድጃው ግድግዳ ገና ይሞቅ ነበር። እጇን ከዚያ ላይ ማንሣት አቃታት።

ሲጨላልም መድፉ ጀመረ።

መጀመሪያ ከወንዙ በኩል፣ ከዚያ ከባቡር ጣቢያው በኩል። መሬቱ በጫማቸው ሥር ተንቀጠቀጠ። ግቢው መሐል ወጥተው ቆሙ፤ የሚገቡበት ጉድጓድ አልነበራቸውም። መድፉ ባረፈ ቁጥር ሌላ ድምፅ ይከተላል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ከሰፈር ሰፈር የሚሮጥ። የከተማው መስኮቶች ናቸው። የትምህርት ቤቱ መስኮቶች፣ የሱቆቹ፣ የታላላቆቹ ቤቶች፣ ሁሉም እየረገፉ ነው።

የእታባ ጆሮ ሳታዘው ይለይ ጀመር። አረንጓዴ ጠርሙስ ሲሰበር ድምፁ ድፍን ነው። ቡናማው እንደሚያስል ሰው ነው። ይህ ግን ስስ ነው፤ ይዘምራል።

«ነጭ ነው፣» አለች ሳታስበው። «ሁሉም ነጭ ነው።»

ወንድሟ ሰማት። ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ፤ ሊስቅ ይሁን ሊያለቅስ ራሱም ያወቀው አይመስልም።

ጧት ፀጥ አለ። ጋኑ የተሰነጠቀው ያን ጊዜ ነው። እንደ መድፍ የሚያስተጋባ ነገር ጠብቀው ነበር፤ ሲመጣ ግን ሰው ጣቱን እንደሚያንቋቋ፣ ቋ ብቻ አለ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ጊዜ ደገመ። ጉንጬ ጭቃውን ነቅሎ አየና ወጣ። ገንዳው ውስጥ ካለው ውሃ ፊቱን ታጠበ። ትናንት ለእርሾው የቀዳው ውሃ ነው።

ፀሐይ ክንድ ያህል ሳትወጣ ሁለት ጋሪ ዳገቱን ሲወጣ ተሰማ። በርሜል አልነበረም። ከባድ ነበር፤ መንኰራኵሩ ያቃስታል። አስር አለቃው ጭንቅላቱ በጨርቅ ተጠምጥሞ፣ ከአናቱ እስከ ጫማው በከሰል ጠቁሮ፣ ከፊት በእግሩ ይመጣል።

«የጣቢያውን መንገድ ድልድይ መቱብን፣» አለ ገና ከሩቅ። «አዳራችንን በእጅ ስናሻግረው ነበር። አባቴ፣ ይቅር ይበሉን፤ በቀን አዘገየናችሁ።»

ባለምድጃው ከሰሉን አየ። ጥሩ ከሰል ነበር፤ የሚያብረቀርቅ፣ ትልልቅ። ለወር ይበቃል።

«ሻምበሉስ?»

አስር አለቃው ቆብ የሌለውን ራሱን ዳበሰ። «ሆስፒታል ናቸው። እግራቸውን ነው የተመቱት። በቃሬዛ ስናስገባቸው እንኳ ‹የሽማግሌውን ከሰል› እያሉ ነበር።» ከዚያ ማጽናናት እንዳለበት የገባው ይመስል «ሆስፒታሉ ይሞቃል» አለ። «በእናንተ ማገዶ ነው የሚሞቀው። እግዜር ይስጣችሁ ብለዋል።»

«አሜን፣» አለ ባለምድጃው።

«የት ላውርደው?»

ባለምድጃው እጁን ዘርግቶ ትናንት ማገዶው የነበረበትን ቦታ አሳየ። ቅርፊቱ ላይ። ከሰሉ ሲወርድ አቧራው ተነሥቶ በሦስቱም ላይ አረፈ። ወታደሮቹ ምድጃውን እያዩ ይሄዳሉ፤ የሞተ መሆኑን የሚያውቅ ዓይን ግን አልነበራቸውም። አንደኛው እንዲያውም ሲወጣ እጁን ወደ ግድግዳው ዘርግቶ ሊሞቅ ሞከረ።

ጋሪዎቹ ሲሄዱ ባለምድጃው መሬት ላይ ተቀመጠ። እታባ አጠገቡ ተቀመጠች። ከደረት ኪሱ ወረቀቱን አወጣ፤ ዘረጋው፤ አጠፈው።

«እታባ።»

«አቤት።»

«ትናንት። በቀዳዳው ስታዪ።» ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሣም። «ሮማን ነበር?»

አርባ ዓመት ሙሉ ነጩን ነጭ፣ ቡናማውን ቡናማ ያለ አፍ ነው። ዛሬ ሌላ ቃል ፍለጋ አልሄደም። «ዳር ዳሩ፣» አለች። «ሮማን ነበር። አይቼዋለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ልትመታ፣ ልትሰደብ፣ ልትረገም ተዘጋጅታ ነበር። ወንድሟ ግን ወረቀቱን መልሶ ኪሱ ከተተና እንዲህ አላት፦

«እኔም አይቼው ነበር። ካንቺ በፊት አይቼው ነው ፊቴን ያዞርኩት።» ጉሮሮውን ጠረገ። «አፌ እምቢ ቢለኝ ጊዜ፣ አንቺ ትይልኛለሽ ብዬ ነው የላክሁሽ።»

አንዳቸው ለሌላው ጥለውት፣ መሐል ላይ ወድቆ ነበር የተሰበረው። የጠቆረ እጁን አንሥታ በጠቆረ እጇ ያዘችው። ጉንጬ ከገንዳው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆሟል። ይስማ አይስማ አላወቁም፤ ጉንጮቹ ግን ዝቅ ብለው፣ የማንም ሰው ጉንጭ መስለዋል።

ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ ጆንያ መሬት ላይ ሲያርፍ ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። ከአጥሩ የቀረ ስለሌለ ከተቀመጠችበት ይታያታል፤ ለቃሚዎቹ ከበሩ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተሰልፈዋል። የሁልጊዜዎቹ አሉ፤ ትናንት ለቃሚ ያልነበሩ፣ የገዛ መስኮታቸውን በአልጋ ልብስ ቋጥረው የተሸከሙም አሉ። የከተማው ስባሪ ሁሉ፣ ነጭ በነጭ፣ የጧት ፀሐይ አርፎበት ዓይን ያጭበረብራል። በሰማንያ አንድ ዓመት እንዲህ ያለ ቀን በዚህ በር መጥቶ አያውቅም።

ከፊት ያለው አሮጌው ለቃሚ ነው፤ እሱና እታባ ከሠላሳ ዓመት ጀምሮ ይተዋወቃሉ። ምድጃውን አሻቅቦ አየ። ጭስ አልነበረም። አጥሩ የነበረበትን ቦታ አየ፤ ከሰሉን አየ፤ ነገሩ አልገጠመለትም። ሆኖም እንደ ልማዱ ጉሮሮውን ጠርጎ፦

«የሰበረ አይዘን!» አለ።

መልሱን የሚመልሰው ባለምድጃው ነበር። እታባ ወንድሟን ጠበቀች። አፉ ተከፈተ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ጉንጬም አልዞረም። ለቃሚዎቹ ጆንያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ሳይባባሉ አይወርድምና።

እታባ ተነሣች። ቀሚሷን ከከሰሉ አቧራ አራገፈች፤ ገበታዋ የነበረበት ቦታ ሄዳ መሬቱ ላይ ተንበረከከች።

«የለቀመ አይፈር፣» አለች። «ወዲህ አምጡት።»

የመጀመሪያው ጆንያ ተዘረገፈ። እጇን ሰደደች። ከላይ ያነሣችው ወፍራም ስባሪ የመሐል ጣቷን እስከ አጥንቱ ቆረጠው፤ እሷም ደሙን አይታ ገረማት።